ስሜ ዳሽ ይባላል

ጡረታ ከወጣሁ ብዙም ሳይቆይ፣ በእኔ ቦታ የተተካው ወጣት መምህር ስልክ ደወለልኝ። የትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት እያጸዱ ኖሯል።

«እትዬ ይመኙሻል፣ ጥግ ላይ እጀታ ያለው የብረት ሣጥን አግኝተን ነበር። ጥበቃው የሥጋ መፍጫ ነው ይላል። የእርስዎ ነው እንዴ?»

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። የማባዣ ማሽኑ ነው። «ሥጋ እንኳ አልፈጨሁበትም ልጄ፣ እንግሊዝኛ ነው የፈጨሁበት» አልሁት። ልጁ አሮጊቷ መቃዠት ጀመረች ብሎ ይሆናል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እኔም ሥራ ፈትቼ ነበርና ቁጭ ብዬ ያንን ዘመን ማሰብ ጀመርሁ።

ተወልጄ ያደግሁት ዳንግላ ነው። መምህርነት ተምሬ የመጀመሪያ ምደባዬ እንፍራንዝ ሆነ። እዚያ ለአንድ ወንበር ሙሉ ልጆች አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበረን፤ መሐል የተቀመጠው ያነብባል፣ ዳርና ዳር ያሉት ገጹን ይገልጣሉ። የእንፍራንዝ ሰው አኑሮኛል፣ ክፉ አልናገርም። ደመወዜም ትንሽ ስለነበረች አታስቸግርም፤ መጣች ስል ትሄዳለች። ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ተዛወርሁ። የዝውውር ደብዳቤዬ ላይ ማኅተሙ ከመብዛቱ የተነሣ ስሜን ለማንበብ ወደ መስኮት ይዞ መሄድ ያስፈልግ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከወዳጅ አገሮች ልዑካን ጣናን ለማየት ይመላለሱ ነበርና፣ የሆቴል ሠራተኞች፣ የጀልባ ነጂዎችና ዓሣ አስጋሪዎች እንግሊዝኛ ይማሩ የሚል መመሪያ ወረደ። ርእሰ መምህሩ ጠርተው «ጠዋት ልጆቹን ታስተምሪያለሽ፣ ከሰዓት በኋላ ትልልቆቹን» አሉኝ። ተጨማሪ ክፍያ ይኖረው እንደሁ ብጠይቅ «የአብዮቱ ምስጋና አለሽ» አሉ።

ክፍሉ ሐይቁ አጠገብ ነበር። ተማሪዎቼ አማርኛ ማንበብን በቅርቡ በመሠረተ ትምህርት የለመዱ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል ግን ባዕድ የሆነባቸው ሰዎች ነበሩ። ሦስቱን ላስተዋውቃችሁ። ጌታሁን የሆቴል አስተናጋጅ ነው፤ አንዴ የሰማውን አይረሳም፣ ድምፁም የቤት ክዳን ያነሣል። አቶ እንግዳ የሞተር ጀልባ ነጂ ናቸው፣ ከሁላችን በዕድሜ ይበልጣሉ። ቃላት መተርጐም ስለሚወዱ የራሳቸውንም ስም ተረጐሙትና «ማይ ኔም ኢዝ ጌስት» ይላሉ። ስም አይተረጐምም ብላቸው «ትርጉም ያለው ስም አውጥተውልኝ እንዴት ይቀር?» ብለው እምቢ አሉ። ሦስተኛዋ የሺ ናት፣ የሆቴሉ አልጋ አንጣፊ። ታናናሾቿን ብቻዋን ታሳድጋለች። እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ጋ ክፍት ቦታ ነበረና፣ እንግሊዝኛ ካወቅሽ ታገኚዋለሽ ተብላለች። ሁልጊዜ ፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ እኔ ስናገር ከንፈሬን ነው የምታየው።

እንደዚህ ያሉ ሰዎችን ማስተማር ያሳዩኝ ጋሽ ኑሩ ናቸው። ጋሽ ኑሩ የትምህርት ቤቱ አንጋፋ የእንግሊዝኛ መምህር ነበሩ። ቤተሰቦቻቸው ወረታ የታወቁ የጨርቅ ነጋዴዎች ናቸው። አባታቸው ሱቁን ሊያወርሷቸው ሲሉ ጠመኔ ይሻለኛል ብለው መጡ፤ አባትየው እስኪሞቱ ድረስ «ልጄ ነጭ አፈር ይነግዳል» ይሉ ነበር አሉ።

የጋሽ ኑሩ አንደኛው ልማድ ይህ ነው። ማንኛውንም የመልመጃ ወረቀት ለተማሪ ከመስጠታቸው በፊት ራሳቸው በግራ እጃቸው ይሠሩታል። ቀኝ እጃቸው ነበር የለመደው። መጀመሪያ ሳያቸው እጃቸውን ያመማቸው መስሎኝ ደነገጥሁ።

«ጋሽ ኑሩ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ጀማሪ ሆኜ ነው» አሉኝ፣ ምላሳቸውን በጥርሳቸው ይዘው እየጫሩ። «ይኸው፣ ይህችን መስመር እዪ። መልሱ ረጅም ነው፣ ቦታው ጠባብ ነው። በቀኜ ብሠራው አይታወቀኝም ነበር። የሺ ግን እዚህ ስትደርስ ላብ ያጠምቃታል።»

ሁለተኛው ልማዳቸው ወረቀት ሲሰበስቡ ነው። መልሱን ከማየታቸው በፊት ወደ ብርሃን አንሥተው ላጲስ የበላውን ቦታ ያያሉ። ብዙ ሰው አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ካጠፋ፣ «ስሕተቱ የእነሱ አይደለም፣ የእኛ ጥያቄ ነው» ብለው ያንን ጥያቄ ይጥሉታል። ጉድለታቸው አንድ ብቻ ነበር፤ ሥዕል አይችሉም። የእሳቸው ፈረስ ወንበር ይመስላል፣ ወንበራቸው ደግሞ ፈረስ። ስለዚህ ሥዕሉ የእኔ ሥራ ሆነ።

ሥራው ታዲያ ቀላል አልነበረም። በሰም የተለበጠ ስስ ወረቀት ነበረን፣ ስቴንስል የምንለው። በሹል ብረት ትጭሪበታለሽ። ጠበቅ ካደረግሽ ይቀደዳል፣ ላላ ካደረግሽ ቀለም አያሳልፍም። ክብ ፊደል መጻፍ መከራ ነው፤ ኦ ስትጽፊ መሐሉ ተፈንቅሎ ይወድቅና ወረቀቱ ላይ ጥቁር ድንቡሎ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ማሽኑ ላይ ታለብሺውና እጀታውን ታዞሪያለሽ። የቀሚሴ እጅጌ ሁሉ ጥቁር ነበር።

ማሽኑን ደግሞ እንደፈለግን አናገኘውም። በራሪ ወረቀት ሊባዛበት ይችላል ተብሎ ቁልፉ በጓድ ታፈሰ እጅ ነበር። ጓድ ታፈሰ የትምህርት ቤታችን ካድሬ ነው። እኩያዬ ቢሆንም በፊቱ አንቱ እለዋለሁ፣ ቤቴ ስገባ አንተ እለዋለሁ። አንድም መልመጃ እሱ ሳያየው አይባዛም። ችግሩ እንግሊዝኛ አያውቅም። ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር በእንግሊዝኛ አንብቤ በአማርኛ እነግረዋለሁ፤ «ይህ ብዕር ነው። ያ መስኮት ነው። መስኮቱ ክፍት ነው።» እሱ ግንባሩን ቋጥሮ ያዳምጣል። «መስኮቱ ለምን ተከፈተ?» ይላል አንዳንዴ።

አንድ ቀን «የከሳ» እና «የወፈረ» የሚለውን ላስተምር ሁለት ላሞች ሣልሁ። አንዷ አጥንቷ የወጣ፣ ሌላዋ ድብልብል ያለች። ጓድ ታፈሰ የከሳችውን ላም ለረጅም ጊዜ ተመለከታት።

«ጓድ ይመኙሻል፣ በአብዮታዊት ኢትዮጵያ የከሳ ላም አለ እያልሽ ነው?»

 ጋሽ ኑሩ ከኋላዬ ቆመው ነበርና ቀስ ብለው ጣልቃ ገቡ። «የከሳችው የባላባቱ ዘመን ላም ናት ጓድ። የወፈረችው የዛሬዋ ናት።»

ጓድ ታፈሰ ፊቱ በራ። «ጥሩ ነው! እንዲያውም ከሥሯ ይጻፍበት» አለ። ተጻፈበት። ከዚያ በኋላ ክፍሌ ውስጥ «ከሳ» ማለት «ባላባት» ማለት ሆኖ ቀረ። ጌታሁን «አባቴ ቀጭን ነው» ብሎ በእንግሊዝኛ ሲያነብብ፣ አቶ እንግዳ ዞር ብለው «አባትህ ስንት ጋሻ መሬት ነበራቸው?» ብለው ጠየቁት።

አሁን ወደ ውርደቴ ልምጣ። በዚያ ዓመት ብዙ የደከምሁበት መልመጃ ስለ ራስ መናገር የሚያስተምረው ነበር። ዐረፍተ ነገሮቹን ጽፌ ስም፣ ዕድሜና መኖሪያ የሚሞላበትን ቦታ በሰረዝ አለፍሁት። በክፍል ሳነብላቸው፣ ባዶውን ቦታ እንዲያውቁት ብዬ «ዳሽ» እላለሁ። መምህር ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሁሉም በትክክል ሞልተው መለሱልኝ። ወረቀቶቹን ወደ ብርሃን ባነሣቸው ላጲስ የነካው ቦታ የለም። ኮራሁ።

ልዑካኑ መጡ። የሆቴሉ ምሳ አዳራሽ ውስጥ፣ አስተርጓሚያቸውም፣ ከአዲስ አበባ የመጡ አንድ ትልቅ ኃላፊም ባሉበት፣ ተማሪዎቼ ራሳቸውን እንዲያስተዋውቁ ተባለ። ጌታሁን ነጭ ኮቱን ለብሶ ተነሣ። አዳራሹን በሚያናጋ ድምፅ፦

«ጉድ አፍተርኑን! ማይ ኔም ኢዝ ዳሽ! አይ አም ዳሽ ይርስ ኦልድ! አይ ሊቭ ኢን ዳሽ!»

ብሎ በኩራት ተቀመጠ። አስተርጓሚው ለልዑካኑ መሪ ተረጐመላቸው። ሰውየው ትሑት ኖረው ተነሥተው እጁን ጨበጡትና «ኮምሬድ ዳሽ!» አሉት። ጌታሁንም ደስ አለው። ቀጥለው አቶ እንግዳ ተነሡና «ማይ ኔም ኢዝ ጌስት» አሉ። ልዑካኑ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አስተርጓሚው «የለም፣ እንግዶቹ እኛ ነን» ብሎ ሊያስረዳቸው ቢሞክር፣ «ኖ፣ ኖ፣ ሚ፣ ጌስት» ብለው ደረታቸውን መቱ። ኃላፊው ወደ እኔ ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ «ዳሽ የሚባለው ቀበሌ በየት በኩል ነው?» አሉኝ።

በኋላ ጌታሁንን ለብቻው ይዤ «ምነው ጌታሁን? ወረቀቱ ላይ ስምህን በትክክል ጽፈህ የለም ወይ?» አልሁት።

«ወረቀቱ ላይማ ጌታሁን ብዬ ጻፍሁ» አለኝ ተቀይሞ። «በአፍ ሲሆን ግን እርስዎ ያሉትን ነው ያልሁት። ቲቸር፣ ራስዎ ዳሽ አላሉም?»



ከኃላፊው መሥሪያ ቤት የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። ለሚቀጥሉት ልዑካን ተማሪዎቹ ዳግመኛ ይታያሉ፣ ለውጥ ከሌለ ክፍሉ ይዘጋል፣ አስተማሪዋም ወደሚመጥናት ቦታ ትዛወራለች። የሺ ይህን ስትሰማ ከክፍል ሁሉም እስኪወጣ ጠበቀች። «ቲቸር፣ እርስዎ ሌላ ቦታ ሄደው ያስተምራሉ። ይኼ ክፍል ከተዘጋ እኔ አንሶላ ስቀይር ማርጀቴ ነው» አለችኝ። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ለዚያ ነው የከበደኝ።

ጋሽ ኑሩ ቤታቸው ስሄድ አላጽናኑኝም። አንድ ወረቀት አውጥተው በዓረብኛ አራት መስመር ጻፉ፤ ልጅ ሆነው መድረሳ የተማሩት ነው። በየመስመሩ ባዶ ቦታ ተዉ። ከላይ አራት ቃል ደረደሩ። «ሙዪ» አሉኝ።

«ጋሽ ኑሩ፣ አንድ ፊደል እንኳ አላውቅም!»

«ሙዪ ብየሻለሁ።»

ቀለሜን አነሣሁ። ረጅሙ ባዶ ቦታ ለረጅሙ ቃል፣ አጭሩ ለአጭሩ። ሁለት የቀሩኝን ደግሞ የፊደላቸውን ጭራ እያየሁ ገመትሁ። ወረቀቱን ተቀበሉኝና መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ማሻ አላህ! አራቱንም አግኝተሻል። ለመሆኑ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«‹እኔ ግመል ነኝ። አራት እግር አለኝ። ጀርባዬ ላይ ጨው እጭናለሁ። ሐሙስ ወረታ ገበያ እሸጣለሁ› ነው ያልሽው።»

ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ነገሩ ሆዴ ድረስ ገባኝ። ተማሪዎቼ አንድም ቃል ሳይገባቸው ሁሉንም መልስ ሲያገኙ ኖረዋል።

«አባቴ ሱቅ ውስጥ» አሉ ጋሽ ኑሩ፣ «ሰው ሁሉ ያልተማረውን ቋንቋ ሲናገር አይቻለሁ። ለምን መሰለሽ? የሚፈልገው ጨርቅ አባቴ እጅ ነው። አባቴ የሚፈልገው ገንዘብ ገበያተኛው ኪስ ነው። አንቺ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ወረቀት ሰጥተሽ ‹ተነጋገሩ› ትያለሽ። ምን ሊነጋገሩ? ሁሉም ያው ነው ያላቸው።» መቀስ አምጥተው ያንን የግመል ወረቀት ከመሐሉ ለሁለት ቆረጡት።

አዲሱን መልመጃ እንዲህ አዘጋጀሁት። ግማሹ ወረቀት የእንግዳው ነው፣ ግማሹ የጀልባ ነጂው። እንግዳው ጀልባው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም፤ መልሱ ነጂው ወረቀት ላይ አለ። ነጂው ደግሞ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ምሳ ይፈልጉ እንደሁ አያውቅም፤ ያ እንግዳው ጋ ነው። ጥያቄውም ሙሉ ሆኖ አልተጻፈም፣ ትንሽ ሥዕል ብቻ ነው ያለው፤ ሰዓት፣ ጀልባ፣ ሳህን ላይ ያለ ዓሣ። በግራ እጄ ሠራሁት። ሁለት ቦታ አላበኝ፤ አስተካከልሁት። ከዚያ ወረቀት እንዳይተያዩ ጥንድ ጥንድ አድርጌ ጀርባ ለጀርባ አስቀመጥኋቸው።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ነበር። አቶ እንግዳና ጌታሁን ጀርባ ለጀርባ ሆነው ሲጯጯሁ ከሐይቁ ማዶ ያለው የዘጌ ሰው ሳይሰማቸው አልቀረም። ጌታሁን ጥያቄው ሲከብደው የሆቴሉን ትሪ ከቦርሳው አወጣና ጀርባውን እንደ መስታወት ይዞ የአቶ እንግዳን ወረቀት ሊያይ ሞከረ። ትሪውን ቀማሁት። የሺ ግን ዓይኗን ጨፍና «ዋት ታይም...» ብላ ጀመረች፣ ቆመች፣ እንደገና ጀመረች። ከኋላዋ ያለው ዓሣ አስጋሪ ሲመልስላት ፈጥና ጻፈችና፣ አንድ ሰው ስጦታ እንደሰጣት ዓይነት ወረቀቱን ደረቷ ላይ አደረገችው።

ልክ በዚያ ሰዓት ጓድ ታፈሰ ገባ።

ያየውን አስቡት። ለሁለት የተቆረጠ ወረቀት፣ ጀርባ ለጀርባ የተቀመጡ ሰዎች፣ ደረቷ ላይ ወረቀት የደበቀች ሴት። አይቶ ያጸደቀው ሙሉ ወረቀት ነበር፣ መቀሱን አላየም። ከየሺ እጅ ወረቀቱን ወሰደ።

«የቀረው ግማሽ የት አለ?»

«እሱ ጋ ነው» አለች የሺ ወደ ኋላዋ እያመለከተች።

«ምን ይላል?»

«አላውቅም። እንዳላይ ተብያለሁ።»

«ማን ነው እንዳታዪ ያለሽ?»

የሺ ውሸት አታውቅም። «ቲቸር» አለች።

ጓድ ታፈሰ ወደ እኔ ዞረ። «አንዱ የያዘውን ሌላው አያውቅም። ፊት ለፊት አይተያዩም። መልእክት በቁራጭ ይተላለፋል። ጓድ ይመኙሻል፣ ይህ እኮ የሕቡዕ ሕዋስ አሠራር ነው!»

ዛሬ ያስቃል። በዚያ ዘመን ግን «ሕዋስ» የምትለዋ ቃል ቀልድ አልነበረችም። በዚች ቃል ምክንያት ከቤታቸው ወጥተው ያልተመለሱ ጎረቤቶች ነበሩን። ወረቀቶቹን ሁሉ ሰብስቦ «ነገ ጠዋት ቢሮ» ብሎኝ ወጣ። ተማሪዎቼ ተነሥተው ሄዱ። ጌታሁን ትሪውን እንኳ ረስቶት ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ጋሽ ኑሩን አገኘኋቸው። ማንም አልጠራቸውም። ጃንጥላቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ዝናብ የለም። አብረን ገባን። ጓድ ታፈሰ ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ ሊገጣጥማቸው ሲታገል ነበር።

«አስረዱኝ» አለ።

«ጓድ፣ ይህ ነገር በማስረዳት አይገባም» አሉ ጋሽ ኑሩ። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ «እስቲ እዚህ ይቀመጡ። ይህችን ይያዙ። እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ እሷ ጀልባ ነጂ ናት። ጀልባው መቼ እንደሚነሣ ካላወቁ ያመልጥዎታል።»

ጓድ ታፈሰ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ።  ከዚያ፣ ለካ እኔ ሳስረዳው ሲሰማ የኖረው ሁሉ ከራሱ ውስጥ አልጠፋም ኖሯል፣ ቀስ ብሎ፦

«ዋት... ታይም... ዘ ቦት?»

«አት ኤይት ኦክሎክ» አልሁ።

ጻፈ። ከዚያ ዞር አለ። «ስምንት ሰዓት? ጀልባው ከምሳ በኋላ ነው እንዴ የሚነሣው?»

«የለም ጓድ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። እነሱ የእኛን ሁለት ሰዓት ስምንት ነው የሚሉት።»

«ሁለት ሰዓትን ስምንት?»

«አዎ።»

«ኢምፔሪያሊስቶች!» አለ ጓድ ታፈሰ፤ ግን ከንፈሩ ሊስቅ ነበር። ወደ መስኮቱ ተመለሰና ቀጠለ። ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀ። ስንት ሰው እንደሚሄድ ነገረኝ። ዓሣዋ ጋ ሲደርስ «አይ ዎንት ፊሽ!» ብሎ ጮኸ፤ ጸሐፊዋ ደንግጣ በሩን ከፍታ አየችን። ሁሉንም ከጨረሰ በኋላ ወረቀቱን አጣጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ኮስተር አለ።

«ክፍሉ ይቀጥል። እኔ ግን በቅርብ እከታተላለሁ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኋላው ወንበር ላይ እየተቀመጠ ይከታተል ነበር። ጥንድ ያልደረሰው ሰው ሲኖር ተነሥቶ ጥንድ ሊሆነው ይሄዳል።

ሁለተኞቹ ልዑካን ከአንድ የአፍሪካ አገር የመጡ፣ እንግሊዝኛ የሚናገሩ ነበሩ። መሪያቸው ግዙፍ፣ ግርማ ያላቸው ሴት ናቸው፤ ራሳቸው ላይ ያሰሩት ሻሽ ከሩቅ ይታያል። ከአዲስ አበባ የመጡት ያው ኃላፊ «ኮምሬድ ዳሽ የት ናቸው?» ብለው ከጀልባው ዳር ሰላም አሉኝ። አብሯቸው የመጣው አስተርጓሚ የበላው ምግብ ሆዱን ስላመመው ሆቴል ቀርቷል። ስለዚህ አቶ እንግዳ እየነዱ፣ የሺ ምሳውን ይዛ፣ ጓድ ታፈሰ ለኃላፊነት፣ እኔ ደግሞ ለመከራ ተሳፈርን። ጋሽ ኑሩ ወባ ጥሏቸው ቤት ተኝተዋል።

መሄጃችን ሴት የማትገባበት ደሴት ገዳም ነበር። ይህን ለእንግዳዋ የነገራቸው ማንም የለም። ኃላፊው ራሳቸው የገባቸው ጀልባው መሬት ሲነካ ነው። ሴትየዋ ቦርሳቸውን አንግተው ሊወርዱ ተነሡ። ኃላፊው ጓድ ታፈሰን አዩ። ጓድ ታፈሰ እኔን አየኝ። እኔ አፌን ስከፍት የሺ ቀድማኛለች።

«ማዳም፣ ሜን ካን ጎ። ዊሜን ካንት ጎ።»

የመጨረሻዋን ት ዋጠቻት። ማዳም «ካን» ብለው ሰሟት፣ አመሰገኗትና አንድ እግራቸውን አነሡ። የሺ ቀሚሳቸውን ጫፍ ያዘች።

«ኖ! ካን-ት! ማዳም፣ ካን-ት!»

ኃላፊው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማዳም ቀሚሳቸውንም የሺንም ተራ በተራ አዩ። «ዋይ?» አሉ።

«ለምን» የሚለውን ገና አላስተማርሁም ነበር። የሺ አሰበች። ከዚያ በጣቷ ራሷን አመለከተች። «አይ፣ ካንት።» ወደ እኔ፣ «ቲቸር፣ ካንት።» ከዚያ ወደ ባሕር ዳር፣ «ማይ ማዘር፣ ካንት።» አሁንም እንዳልበቃት ገባት። ዙሪያዋን ተመለከተች፣ አንድ ነገር ትዝ አላት፣ ሁለት እጇን እንደ ክንፍ አድርጋ አርገበገበችና፣ «ዘ ሄን፣ ካንት!» አለች።

«ዶሮዋም?» አሉ ማዳም በእንግሊዝኛ።

«የስ። ዘ ሄን ኦልሶ።»

ሴትየዋ ሳቅ ሲጀምሩ ጀልባው ተናወጠ። ተመልሰው ተቀመጡ። አብረዋቸው የመጡት ሴቶችም ሳቁ። ወንዶቹ ኃላፊውን፣ ጓድ ታፈሰንና አቶ እንግዳን ተከትለው ወደ ገዳሙ ወጡ፤ እኛ ሴቶቹ ጀልባው ላይ ቀረን።

ወንዶቹ ቆዩ። አባቶች የብራና መጽሐፍ ሲያሳዩ ቶሎ አይጨርሱም። ፀሐይዋ በረታች። ማዳም የሺን አጠገባቸው አስቀመጧት። ልጆች አሉሽ ወይ አሏት፤ ልጅ የለኝም፣ ታናሾች አሉኝ አለች። እሷም በተራዋ ጠየቀቻቸው። እኔ ለመርዳት ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ማዳም ልጅ ሆነው በአባታቸው መንደር ሴት የማትገባበት ቤት እንደነበርና በቀዳዳ አሾልከው እንዳዩ፣ ውስጡ ከአሮጌ ምንጣፍ በቀር ምንም እንዳልነበር አወሩን። የሺ ግማሹን እንደገባት እርግጠኛ ነኝ፤ በትክክለኛው ቦታ ላይ ስቃለች። በዚህ መሐል ምሳው ተከፈተ። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ከዳቦና ከሎሚ ጋር ነበር። መጀመሪያ ለመቅመስ ያህል ነው የነካነው። ወሬው ግን ጣፈጠ፣ ዓሣውም ጣፈጠ።

ወንዶቹ ሲመለሱ ላብ አጥምቋቸው፣ ከንፈራቸው ደርቆ ነበር። ጓድ ታፈሰ ጀልባው ላይ ዘሎ ወጣ፣ የዓሣ አጥንት የሞላውን ሳህን አየ። በልዑካኑ ሁሉ ፊት፣ አንድም ቃል ሳይሳሳት፦

«ዌር ኢዝ አወር ላንች?»

የሺ ቀና ብላ ቆመች። ቀሚሷን አራገፈች።

«ዊሜን ካን» አለች። «ሜን ካንት።»

ማዳም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ኃላፊውም ሳቁ። ጓድ ታፈሰ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቀጥሎ ገባው፣ ራሱን እየነቀነቀ ተቀመጠ። ወንዶቹ እስከ ባሕር ዳር ድረስ የአቶ እንግዳን ቆሎ እየተካፈሉ መጡ።

ክፍሉ አልተዘጋም። የሺ በአዲሱ ዓመት እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ጋ ተቀመጠች፤ ታናናሾቿንም አስተምራ ለወግ አበቃቻቸው። እኔም ከዚያ በኋላ በብዙ ትምህርት ቤት፣ በብዙ አለቃ ሥር ሠርቻለሁ።

በዚያን ዕለት ግን ከጀልባው እንደወረድሁ በቀጥታ የሄድሁት ጋሽ ኑሩ ቤት ነው። ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠው ነበር፣ ወባው ገና አልለቀቃቸውም። ሁሉንም ነገርኋቸው። ዶሮዋ ጋ ስደርስ ሳቁና ሳል ያዛቸው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን አልሳቁም።

«ያንን የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር አንቺ ጽፈሽላት ነበር?» አሉኝ።

«የለም።»

«ከየትኛውም መልመጃችን ላይ አለ?»

አሰብሁ። «የትም የለም ጋሽ ኑሩ። ከራሷ ነው ያወጣችው።»

ብርድ ልብሱን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉ።

«እንግዲያውስ» አሉ፣ «የዚህ ወር ደመወዛችን ሐላል ሆነ።»